ወረቀት ላይ የቀረ ድምፅ

በመሳቢያዬ ውስጥ ሃምሳ ቅጠል ያለው አንድ የተማሪ ደብተር አለ። በውስጡ ያለው ጽሕፈት የባለቤቴ ነው። የጻፈችውም በአንድ ክረምት፣ ጉሮሮዋ በጨረር ሕክምና ቆስሎ መናገር እንደ እሳት ያቃጥላት በነበረበት ጊዜ ነው። አብዛኛው ጽሑፍ ለሌላ ሰው ቁም ነገር የለውም። «ውኃ»፣ «መስኮቱን ዝጋው»፣ «ልጆቹ በሉ?»፣ «ትራሱን ከፍ አድርገው» ይላል። ከእነዚህ መካከል ግን ዛሬም ሳነበው እጄ የሚንቀጠቀጥበት አንድ ገጽ አለ። ስለዚያ ገጽ ከመናገሬ በፊት ስለ ሁለት ሩቅ ቤቶች እንዳወጋ አንባቢዬ ይፍቀድልኝ።

በሽታው የጀመረው በትንሽ ነገር ነበር። ባለቤቴ ምግብ ስትውጥ ወደ ጆሮዋ የሚዘልቅ ውጋት ይሰማት ጀመር። ቶንሲል ነው አልን። በሞቀ ውኃና በጨው ተጉመጠመጠች፤ ዝንጅብል በማር ጠጣች፤ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ኪኒን ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ጨረሰች። በአንገቷ ጎን የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት የታየችው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ በደረሰ ዕለት ሐኪሙ እኔንና የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ጋሼን ወደ ኮሪደሩ ጠሩን። እርሷ ቦርሳዋን አቅፋ በወንበሩ ላይ ቀረች። «የጉሮሮ ካንሰር ነው» አሉን ሐኪሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ለእርሷ እንዴት እንደምትነግሯት እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ተለዩን። ጋሼ ክንዴን ይዘው «አንዲት ቃል እንዳይወጣህ፤ ተስፋ ከቆረጠች አለቀች» አሉኝ። እኔም እሺ አልሁ። ተመልሼ «እጢ ነው፤ በጨረር የሚጠፋ እጢ ነው» አልኋት። ለጥቂት ጊዜ ፊቴን አየችኝና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

እኛ ኢትዮጵያውያን የሞትን ወሬ የምናደርስበት ሥርዓት አለን። መርዶ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ተጠራርቶ ይሰበሰባል፤ ነጋሪ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ገና ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ለሕያው ሰው የራሱን በሽታ ለመንገር ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት አላበጀንም። ስሙን መጥራት እንኳ ፈርተን «ያ በሽታ» እንለዋለን። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ተርተዋል። የሌላውን ሰው በሽታ ከራሱ ከታማሚው ስለሚደብቅ ሰው ግን ተረቱ ዝም ይላል። እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ ገባሁ።

ሕክምናው በሳምንት 5 ቀን፣ ለ7 ሳምንት የሚሰጥ ነበር። 35 ቀን ከጨረር ክፍሉ በር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። እርሷ ወደ ውስጥ ስትገባ በፊቷ ልክ የተሠራ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጭምብል ያጠልቁላትና እንዳትነቃነቅ ከጠረጴዛው ጋር ያስሩታል። እኔ በውጭ እጠብቃለሁ። አስታማሚ የሚጠብቀው ነገር ብዙ ነው፤ ተራ፣ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የደም ውጤት። ታሪክ ማንበብ የቆየ ልማዴ ስለሆነ መጽሐፍ ይዤ እሄድ ነበር። ሳላስበው የማነበው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ያዘነብል ጀመር፦ ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ማን ነው? ታሪክ የታማሚውን ስም ይጽፋል፤ ከጎኑ የተቀመጠውን ግን በኅዳግ እንኳ እምብዛም አያነሣውም። ፈልጌ ሁለት ሴቶችን አገኘሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዋ ቪክቶሪያ ትባላለች። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት የእንግሊዝ ንግሥት የበኩር ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ ቪኪ ይላት ነበር። በ1858 በ17 ዓመቷ ለፕሩሲያው ልዑል ለፍሪድሪኽ ተዳረች። ጋብቻው የመንግሥታት ጉዳይ ቢሆንም ባልና ሚስቱ ከልብ ይዋደዱ ነበር። ሁለቱም ጀርመን የፓርላማ ድምፅ የሚሰማባት አገር እንድትሆን ይመኙ ነበር። ነገር ግን የልዑሉ አባት ቀዳማዊ ቪልሄልም 90 ዓመት እስኪሞላቸው በዙፋኑ ላይ ቆዩ፤ አገሪቱንም ቢስማርክ በእጁ ይዟት ነበር። ልዑሉ ከሃምሳ ዓመቱ ወዲያም ተራውን ይጠብቅ ነበር።

በጃንዋሪ 1887 የልዑሉ ድምፅ ጎረነነ። ጉንፋን ነው ተባለ። በማርች ጌርሃርት የተባለ ሐኪም በድምፅ አውታሩ ላይ ትንሽ እብጠት አግኝቶ በጋለ ሽቦ ደጋግሞ ተኮሰው፤ እብጠቱ ግን ተመልሶ በቀለ። በሜይ ወር የጀርመን ሐኪሞች ካንሰር ነው ብለው ጉሮሮውን ከውጭ ከፍተው ሊያወጡት ተዘጋጁ። ቪኪ ይህን በሰማች ጊዜ ለእናቷ ደብዳቤ ጻፈች። ቢላ ያንን ጉሮሮ እንደሚነካ ማሰቡ ብቻ ምን ያህል እንዳስጨነቃት ከገለጸች በኋላ፣ ባሏ ለጊዜው አንዲት ቃል እንኳ ማወቅ እንደሌለበት አከለች።

እዚህ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔና ጋሼ በኮሪደሩ ላይ የተነጋገርነው ይኸው ነበር። የንጉሥ ልጅና የእኔ ቢጤ ሰው፣ በርሊንና አዲስ አበባ፣ በመካከላቸው ያለው ዘመን ሁሉ ጠፍቶ አንዲት ፍርሃት ብቻ ቀረች።

ቀዶ ሕክምናው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ሞሬል ማኬንዚ የተባለ ስመ ጥሩ የእንግሊዝ የጉሮሮ ሐኪም በርሊን ደረሰ። ናሙና ቆርጦ በዘመኑ አቻ ላልነበረው ለሩዶልፍ ፊርሆ ላከ። ፊርሆም በተላከለት ናሙና ውስጥ ካንሰር አላገኘም። ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ። ቪኪ ተስፋ ከሰጣት ሐኪም ጎን ቆመች። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ይወቅሷታል። እኔ ልወቅሳት አልቻልሁም። ቴዎዶር ቢልሮት በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ በካንሰር የታመመ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ያወጣው በ1873 መጨረሻ ነው፤ ታማሚውም በወራት ውስጥ ሞተ። በዚያ ዘመን ከሐኪም ቢላ የተረፈ ሰው ዕድለኛ ነበር። «የለበትም» የሚልን ሐኪም ትቶ «ይታረድ» የሚለውን የሚመርጥ የትዳር ጓደኛ ማን ነው?

በኖቬምበር 1887 በጣልያን የባሕር ዳርቻ በሳን ሬሞ እውነቱ ተገለጠ። ካንሰር ነበር። ለልዑሉም ተነገረው፤ በእርጋታም ተቀበለው። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ እንዲወጣ ግን አልፈቀደም። በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 መተንፈስ ስላቃተው በአንገቱ በኩል ቀድደው ቱቦ አስገቡለት። ከዚያ ቀን ወዲህ ንግግሩ በወረቀት ላይ ሆነ። አንድ ወር ሳይሞላ፣ በማርች 9 ቀን፣ አባቱ ሞቱ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ዙፋን ድምፁ ከጠፋ በኋላ መጣለት። ቴሌግራሙ በደረሰ ሰዓት አዲሱ ንጉሠ ነገሥት የጥቁር ንሥር ኒሻኑን ሪባን ከራሱ ላይ አውልቆ በሚስቱ ላይ አደረገው። አንዲት ቃል መናገር አይችልም ነበር፤ በዚያች ሰዓትም የሚያስፈልገው አልነበረም። የነገሠው 99 ቀን ነው። በጁን 15 ቀን 1888 በፖትስዳም ዐረፈ። ልጃቸው ቪልሄልም ወዲያውኑ ቤተ መንግሥቱን በወታደር አስከብቦ የአባቱንና የእናቱን ወረቀቶች ያስፈልግ ጀመር። ነገር ግን ቪኪ ዋና ዋናዎቹን ወረቀቶች አስቀድማ ወደ እንግሊዝ አሽሽታቸው ነበር። ድምፅ ያጣውን ባሏን ወረቀት የድምፁን ያህል ጠበቀችለት።

ሁለተኛዋ ጁሊያ ግራንት ናት። ባሏ ዩሊሰስ ግራንት የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ያሸነፈ ጄኔራል፣ በኋላም 18ኛው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው። በ1848 ተጋቡ። ጁሊያ ዓይኗ ሸውራራ ነበር። ባሏ ዝነኛ በሆነ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ልታስተካክለው ብታስብ፣ እርሱ የወደድኋቸው እንዳሉ ነው ብሎ እንደከለከላት ራሷ ጽፋለች።

በሜይ 1884 የገንዘብ ሸሪኩ አጭበርብሮት ግራንት ባዶ እጁን ቀረ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በምሳ ሰዓት አንድ ኮክ ገምጦ ሲውጥ ጉሮሮውን እንደ ስለት ወጋው። ጁሊያ ሐኪም እንዲያይ ወተወተችው፤ እርሱ ግን እስከ ኦክቶበር አዘገየው። ሐኪሙ ዳግላስ ካየው በኋላ ሕመሙ ብርቱ መሆኑን፣ አንዳንዴም ሊድን እንደሚችል ለዘብ አድርጎ ነገረው። ግራንት ቤቱ ገብቶ ብዙ አላወራም። ጁሊያ ግን በዚህ አልረካችም። ተነሥታ ራሷ ወደ ሐኪሙ ሄደችና የበሽታውን ስም ጠይቃ ሰማች። ለሞት የሚያደርስ መሆኑን ማመን ግን ለብዙ ጊዜ አቃታት። ይህን ሳነብ በራሴ አፈርሁ። እኔ ስሙን ሰምቼ ከሚስቴ ደበቅሁ፤ ጁሊያ የተደበቀባትን ስም በእግሯ ሄዳ ፈለገች።

ግራንት ለሚስቱ የሚተወው ገንዘብ ስላልነበረው የሕይወት ታሪኩን መጻፍ ጀመረ። አሳታሚው የደራሲው የማርክ ትዌይን ድርጅት ነበር። በቁስሉ ላይ ኮኬይን እየተቀባለት፣ አእምሮውን እንዳያደነዝዝበት ሞርፊን እየቀነሰ ጻፈ። ድምፁ እየከዳው ሲሄድ ከሐኪሙ ጋር በቁራጭ ወረቀት ይነጋገር ጀመር፤ ከወረቀቶቹ ብዙዎቹ ዛሬም ተጠብቀው ይገኛሉ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ፣ እኔ ከተውላጠ ስም ይልቅ ግስ ሳልሆን አልቀርም በሚል ሐሳብ ተጫውቷል፤ ግስ መሆንን፣ ማድረግን፣ መከራ መቀበልንም ይገልጣልና። በሞት አፋፍ ላይ ቆሞ በሰዋስው የሚቀልድ ጄኔራል! መጽሐፉን ጨርሶ ጥቂት ቀናት እንደቆየ በጁላይ 23 ቀን 1885 በማውንት ማክግሬገር ሞተ። ከሞተ በኋላ በኪሱ ውስጥ ለጁሊያ የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ ተገኘ። አብረው በአንድ ጣራ ሥር ሳሉ ፊት ለፊት ሊነግራት ያልደፈረውን በወረቀት ጽፎ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር ማለት ነው።

መጽሐፉ ጁሊያን አበለጸጋት። በ1886 መጀመሪያ የተሰጣት አንድ ቼክ ብቻ 200,000 ዶላር ነበር። እርሷም በበኩሏ የራሷን የሕይወት ታሪክ ጻፈች፤ ነገር ግን በሕይወት ሳለች አሳታሚ አላገኘችም። በ1902 ሞተች፤ መጽሐፏ የታተመው በ1975 ነው። የአስታማሚዋ ድምፅ ከሞተች በኋላ 73 ዓመት ጠበቀ።

ሁለቱም ባሎች እኔ በሩ ላይ የተቀመጥሁበትን ሕክምና አላገኙም። ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895፣ ኩሪዎቹ ራዲየምን ያገኙት በ1898 ነው። የኦፔራው ደራሲ ጃኮሞ ፑቺኒ በ1924 ለጉሮሮ ካንሰሩ ብራስልስ ድረስ ሄዶ በአንገቱ የራዲየም መርፌዎች ተተክለውበት ነበር፤ ልቡ ግን አልቻለውም፤ በኖቬምበር 29 ቀን ሞተ። ልጁ የበሽታውን ስም ያውቅ ነበር፤ ለአባቱ ግን አልነገረውም። መሣሪያው ተለወጠ፣ ዘመኑ ተለወጠ፤ በኮሪደር ላይ የሚደረገው ሹክሹክታ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም የባለቤቴ አፍና ጉሮሮ ቆሰለ። ምራቅዋ ደረቀ። በርበሬ ቀርቶ ጨው እንኳ ያቃጥላት ጀመር። እንጀራ አቆመች። አጥሚት በቀጭኑ፣ ተልባ፣ ወተት፣ የተፈጨ ሾርባ እያልሁ ቀኑን በማንኪያ እቆጥረው ነበር። ልብሷ ሰፋባት። ሊጠይቃት የመጣ ዘመድ ሁሉ «ብሉ በሏት እንጂ!» ይለኛል። ስለ እርሷ የምመልሰው እኔ ነበርሁ። «ዛሬ ደህና ናት፤ እጢው እየጠፋ ነው» እላለሁ። እርሷ ትራሷን ተደግፋ ትሰማኛለች። ቀስ በቀስ የእርሷ አፍ ሆንሁ፤ አፍ ስሆን ግን የምናገረው የእኔን ፍርሃት እንጂ የእርሷን ሐሳብ አልነበረም።

የጁሊያን ታሪክ ባነበብሁበት ማታ ልነግራት ወስኜ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጥሁ። «አንድ ነገር ደብቄሻለሁ» አልሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አጣሁ። ደብተሩን አመለከተችኝ። ሰጠኋት። ብዙ ጻፈች፤ ስትጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲቧጥጥ ብቻ ይሰማ ነበር። ገልብጣ ሰጠችኝ። እንዲህ ይላል፦

«ካንሰር መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። አንተና ጋሼ ኮሪደር ላይ ሳላችሁ ካርዴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አነበብሁት። አንተ እንዳትሰበር ብዬ ዝም አልሁ። ስትዋሽ ታሳዝነኝ ነበር። አሁን ግን ደክሞኛል። ሌሊት ብቻዬን ከእርሱ ጋር ነው የማድረው።»

እኔ መናገር እችል ነበር፤ ጉሮሮዬ ጤነኛ ነው። ነገር ግን እስክሪብቶውን ከእጇ ወስጄ ከሥሩ «እኔም ብቻዬን ነበር የማድረው» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ሌሊት እስከ ንጋት በአንድ ደብተር ላይ ተጻጻፍን። ለልጆቹ ማን እንደሚነግራቸው ተነጋገርን። የዕቁቡን ገንዘብ ለምን እንደምናውለው ወሰነች። ካልዳነች ምን እንደምትፈልግም ጻፈች፤ ከልቤ ሳልቀበለው አነበብሁት። መብላት ካቃታት በአፍንጫዋ ቱቦ እንዲገባላት፣ ነገር ግን ልጆቹ አስቀድመው አስታውቋቸው እንዲያዩት አዘዘች። ለጋሼም አንድ መስመር ጻፈችላቸው፦ «ጋሼ፣ ተስፋ አልቆረጥሁም። እርስዎም እንዳይደብቁኝ።» በማግስቱ ጋሼ መጥተው ሲያነቡት መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

ከዚያ ወዲያ በሽታው አልቀለለም። ሁለት ሳምንት በቱቦ ተመገበች፤ የአንገቷ ቆዳ ጠቁሮ ተላጠ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደር ሲጠሩኝ «እባክዎ እርሷ ባለችበት ይንገሩን» ማለት ጀመርሁ። ዘመድ ሲጠይቀኝም ደብተሩን ለእርሷ አቀብላታለሁ፤ መልሱን እርሷ ትጽፋለች፤ እኔ አነባለሁ። አንዳንዴ «ሂዱልኝ፣ ልተኛ» ብላ ትጽፋለች፤ እንዳለ አነበዋለሁ።

ሕክምናው ከተፈጸመ ሁለት ዓመት አለፈ። ድምፅዋ ተመልሷል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም፤ ሸካራ ሆኗል። አፏ ስለሚደርቅ የውኃ ኮዳ ከእጇ አይለይም፤ ሌሊትም ለመጠጣት ትነሣለች። ምስር ወጥ በርበሬው ቀንሶ ሲሠራ ትበላለች። በየጊዜው ለምርመራ እንሄዳለን፤ በዋዜማው ሁለታችንም አንተኛም፤ እንዳልተኛንም እንነጋገራለን።

ቪኪ ሞኝ ነበረች፣ ጁሊያ ብልህ ነበረች ብዬ ለመፍረድ ይህን አልጻፍሁም። ቪኪም ብትሆን፣ ባሏ እውነቱን ካወቀ በኋላ ከጎኑ አልተለየችም፤ የጥቁር ንሥሩ ሪባን የተሰጣት ለዚያ ይመስለኛል። ጁሊያም የበሽታውን ስም ከሰማች በኋላ ለማመን ጊዜ ፈጅቶባታል። ሁለቱም እንደ እኔ ፈርተው ነበር። የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ድምፁን ላጣ ሰው በእርሱ ፈንታ ከመናገር ይልቅ የሚጽፍበትን ወረቀት አቀብሎ የጻፈውን እንዳለ ማንበብ እንደሚሻል ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለባለቤቴ ሰጥቻት ነበር። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ስለ ነገሥታቱና ስለ ጄኔራሉ ምንም አላለችም። ከላይ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ጣቷን አሳርፋ፣ በዚያ ሸካራ ድምፅዋ፣ «የባቄላ ፍሬ አታህልም ነበር፤ ሽምብራ ነው የምታህለው። እያጋነንህ ነው» አለችኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ባቄላ ያልሁትን ሽምብራ ብለህ አንብብልኝ። የእርሷ ነገር ነውና እርሷ እንዳለችው ይሁን።